«አፉ በሉኝ» ያለች ማታ

አረብ አገር ልጅ ያላችሁ፣ እህት ያላችሁ፣ ስሙኝማ! የምተርክላችሁ የጅዳን ነው፤ መነሻዬ ግን ቤሩት ነው። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ማብቂያ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ዓለም ደቻሳ፣ በቆንስላችን ደጅ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት መላው ዓለም በቪዲዮ አየ። መጋቢት 5፣ በተኛችበት የአእምሮ ሆስፒታል ሕይወቷን አጠፋች። ጭንቀቷን ሁሉ ሰው አይቶታል፤ ማየት ብቻውን አላተረፋትም።

አሁን ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ አለች እንበል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው። በፊት በኢሞ ስትደውል ትስቅ ነበር። ውሎ አድሮ ሳቋ ጠፋ፣ እንቅልፍ እምቢ አላት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት አመጣች። አንድ ቀን ያጠራቀመችውን ሁሉ በሀዋላ ላከች፤ ወርቋንም ለጓደኛዋ ሰጠች። ቤተሰብ መረቃት! በማግስቱ ማታ «አፉ በሉኝ» አለች። ሐጅ የሚነሳ ሰው እንዲህ ይላል፤ እሷ ግን ሐጅ አልተነሳችም፣ ወሩም የሐጅ አልነበረም።

የነቃችባት መካ የምትሠራው የአክስቷ ልጅ ናት። «ሐራም ነው» ብላ አልተቆጣቻትም፤ ያሳፈሩት ሰው ሕመሙን ይደብቃል። «አብሽሪ» ብላም አልዘጋችባትም። «እህቴ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ?» አለቻት። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣባታል ብላችሁ አትፍሩ፤ አያመጣም። ልጅቷ አለቀሰች፤ አለቀሰችና «አዎ» አለች።

ያቺ ብልህ ምክር አላበዛችም። ስልኩን ሳትዘጋ፣ በሌላ ስልክ ጅዳ ያለች ጓደኛቸውን ቀሰቀሰች፤ በአካል የሚደርስላት ሰው ያስፈልጋት ነበርና። በጅዳም በመካም ለአስቸኳይ አደጋ 911 ይደወላል፤ የጤና ሚኒስቴሩ መስመር 937 ነው። ወረቀት የሌላት ሴት መደወል ያስፈራታል። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲባረሩ ያየ ሰው በዚህ አይፈርድባትም። ስለዚህ አብሯት የሚደውል፣ አብሯት ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ አረብኛውን የሚተረጉምላት ሰው ይኑር።

አገር ቤት ያሉት እናቷም ስለ ገንዘብ አላነሱም። «ልጄ፣ ባዶ እጅሽንም ቢሆን ነይ» አሏት። ሐኪም ካያት በኋላ የአክስቷ ልጅ በየማታው መደወሏን ቀጠለች። መጀመሪያ «በላሽ? ተኛሽ?» ትላታለች፤ ቀጥላም ያንኑ ከባድ ጥያቄ፣ ስሙን ሳትሸፍን፣ ደግማ ትጠይቃታለች።