የፈቃደኝነት ደንብ ምንድን ነው? አዲስ ቴክኖሎጂንስ መግዛት ይችላል?

ፉሪ ውስጥ በአንድ ጀመዓ የቴሌግራም ግሩፕ የምናውቀው ኡስታዝ ድምፅ ቢደርሰን፣ ለሰደቃም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢጠቅስልን፣ ድምፁ የራሱ ይሁን በኮምፒውተር የተሠራ በጆሮ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሕግ ቀድሞ እጃችን ገብቷል።

አዋጅ እስኪወጣ ባለሙያዎች፣ ኩባንያዎች ወይም ማኅበረሰቦች ተስማምተው ራሳቸውን የሚያስሩበት ሥርዓት የፈቃደኝነት ደንብ ይባላል። የጣሰው በፍርድ ቤት አይከሰስበትም። ታዲያ መቼ ነው የሚሠራው?

የታወቀው ምሳሌ የዘረመል ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በፖል በርግ የተመራ የሳይንቲስቶች ቡድን አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ ሙከራዎች ለጊዜው እንዲቆሙ ጠየቀ። በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲሎማር በተባለ ቦታ ተሰብስበው የጥንቃቄ ደረጃዎችን አወጡ። በ1976 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት መመሪያ አወጡና የምርምር ገንዘብ የሚሰጡት መመሪያውን ለሚያከብር ሆነ። ደንቡ ጉልበት ያገኘው በዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የፌስቡክን ጉዳይ እናገኛለን። የፌስቡክ የይዘት ደንቦች ኩባንያው ሜታ ለራሱ ያወጣቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በራያ ቆቦ ተፈጽሟል ስለተባለ ወንጀል የተጻፈ፣ ሲቪሎችንም ያለ ማስረጃ የወነጀለ የአማርኛ ጽሑፍ መጀመሪያ ተነሥቶ በኋላ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የኩባንያው የክትትል ቦርድ መጀመሪያ መነሣቱ ትክክል ነበር ሲል ወሰነ። ፌስቡክ በኢትዮጵያ ጥላቻን በማስፋፋት ያለው ሚና በገለልተኛ አካል እንዲጠናም መከረ። ሜታ ቦርዱ በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚሰጠውን ውሳኔ ሊፈጽም ቃል ገብቷል፤ ምክሩ ግን አያስገድደውም። የፈቃደኝነት ደንብ ድክመት እዚህ ላይ ይታያል፤ ትልቁ ጥያቄ ለተጠያቂው ፈቃድ ይተዋል።

የዩኔስኮ 193 አባል አገራት በ2021 የተቀበሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብም አስገዳጅ አይደለም። ኢትዮጵያ ግን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ይህ ሕግ ነው።

ከነዚህ ታሪኮች የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ደንብ የሚጠቅመው ሲጻፍ፣ ተቆጣጣሪው ሲታወቅና መጣሱ ዋጋ ሲያስከፍል ነው። አንድ ጀመዓ ወይም መድረሳም ይህን ማድረግ ይችላል፦

• በዓሊም ወይም በኡስታዝ ስም የመጣ ድምፅ ከራሱ ከባለቤቱ ሳይጣራ አይሰራጭ፤
• የሰደቃ ሒሳብ ቁጥር ሁለት የኮሚቴ አባላት ሳያረጋግጡት አይለጠፍ፤
• የመድረሳ ልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለቀቅ፤
• ይህን የሚከታተለው ሰው ተለይቶ ይታወቅ፤ ደጋግሞ የጣሰም የመለጠፍ ፈቃዱን ይጣ።

ወሬ ሲመጣ ማጣራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 6 ያዘዘን ነው። የሰደቃ ገንዘብም አማና ነው። አማናን ለመጠበቅ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርብንም።