ጦርነት ያለፈበት ማሳ

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። ለአርሶ አደሩ ግን ሰላም የሚሆነው ተኩስ ሲቆም ብቻ አይደለም፤ በሬውን ጠምዶ ያለ ስጋት ሲያርስ ነው።

በአገራችን ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ጀምሮ እስከ 1992ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ፍጻሜ ብዙ ፈንጂ ተቀብሯል። ይህንኑ ለማጽዳት በ1993 ዓ.ም. የፈንጂ ማምከን ሥራን የሚመራ ጽ/ቤት ተቋቋመ። ከ1994 እስከ 1996 ዓ.ም. በተካሄደ ጥናት 1,492 የሚሆኑ ማኅበረሰቦች የችግሩ ተጠቂ መሆናቸው ታወቀ። ፈንጂ የዘጋው በአብዛኛው የግጦሽና የእርሻ መሬት ነበር። አምካኞች በመፈለጊያ መሣሪያ፣ በሠለጠኑ ውሾችና በእጅ እየፈተሹ መሬቱን ስንዝር በስንዝር ለባለቤቱ መለሱ። ኢትዮጵያም ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን የኦታዋ ስምምነት በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አጸደቀች።

ሆኖም ችግሩ አላበቃም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ ነበር። ውጊያ በተካሄደበት ሁሉ ሳይፈነዳ የቀረ ተተኳሽ ይኖራል። እረኛ ሕፃን መጫወቻ ይመስለዋል፤ ጎልማሳውም ለማረሻ የሚሆን ብረት አገኘሁ ብሎ ያነሣዋል።

ስለዚህ እንግዳ ብረት ያየ ሰው አይንካው፣ አይወርውረው፣ እሳትም አያስጠጋው። በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ያሳውቅ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ይህንን በየስብሰባው ቢያስተምሩ ከምርቱ በፊት አምራቹን ያተርፋሉ።