የኤሌክትሪክ ሂሳብ ባልተጠበቀ ሁኔታ ሲያሻቅብ ምክንያቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፣ የቤተሰቡ ቁጥርም ሳይጨምር የወሩ የኤሌክትሪክ ክፍያ ካለፈው ወር እጥፍ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ደንበኛ አጉረምርሞ ይከፍላል፤ ሌላው ደግሞ "ቆጣሪው ተበላሽቷል" ብሎ ይደመድማል።

ይሁንና የሂሳብ መናር መንስኤዎች በጥቅሉ አራት ናቸው፦ ዋጋው ተቀይሯል፣ ንባቡ ተሳስቷል፣ ፍጆታው ጨምሯል፣ አሊያም ኃይሉ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ሌላ ቦታ እየፈሰሰ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት በአብዛኛው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ።

የጨመረው ገንዘቡ ነው ወይስ ፍጆታው?

ቀዳሚው እርምጃ የሚከፈለውን ገንዘብ ትቶ የፍጆታውን መጠን፣ ማለትም ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ካለፉት ወራት ጋር ማነጻጸር ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ ሳይለወጥ ክፍያው ካደገ ምክንያቱ ያለው በቤቱ ውስጥ ሳይሆን በታሪፉ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመታት የሚዘልቅ ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ፍጆታው ባይለወጥም ክፍያው በየሩብ ዓመቱ ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህም በተጨማሪ ታሪፉ በእርከን የተከፈለ ነው። ለመኖሪያ ቤቶች ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖች እየተወደዱ ይሄዳሉ። በመሆኑም ፍጆታው በጥቂት ጨምሮ የእርከን ድንበር ከተሻገረ፣ ክፍያው ከፍጆታው በበለጠ ፍጥነት ያድጋል።

በጎረቤት አገሮችም ተመሳሳይ አሠራር አለ። በኬንያ በ2023 (እ.አ.አ.) በወጣው ታሪፍ ዝቅተኛው ዋጋ በወር እስከ 30 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ነው። የነዳጅ ወጪና የውጭ ምንዛሪ ማስተካከያዎችም ስለሚታከሉበት፣ የአንድ አሃድ ዋጋ ከወር ወር ይለያያል። በኡጋንዳ ደግሞ በወር የመጀመሪያዎቹ 15 አሃዶች በቅናሽ ይሸጣሉ።

ንባቡ ትክክል ነው?

ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ከጨመረ ቀጥሎ የሚፈተሸው ንባቡ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለውን የአሁን ንባብ ግድግዳው ላይ ካለው ቆጣሪ ጋር ማስተያየት ይገባል። ቆጣሪው ወደ ኋላ ስለማይቆጥር፣ ደረሰኙ ከወጣ በኋላ የሚታየው ቁጥር ከደረሰኙ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ካነሰ ንባቡ ተሳስቷል፤ አሊያም በግምት ተሞልቷል።

ግምት ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንባቢው ቤቱን ዘግቶ ሲያገኘው ነው። ለጥቂት ወራት ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ፍጆታ ትክክለኛው ንባብ ሲወሰድ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የተጠራቀመው በአንድ ወር ሂሳብ ከተሰላ ደግሞ ወደ ውድ እርከን ሊገባ ስለሚችል፣ በየወሩ እንዲከፋፈል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌሎች ሦስት ነገሮችም መታየት አለባቸው። አንደኛው የቀናት ብዛት ነው፤ የ45 ቀን ፍጆታ ከ30 ቀኑ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው ደረሰኙ ላይ ያለው የቆጣሪ ቁጥር ከራሱ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ብዙ ቆጣሪዎች ጎን ለጎን በሚደረደሩባቸው ሕንፃዎች የአንዱ ንባብ ለሌላው ሊጻፍ ይችላል። ሦስተኛው አንዳንድ የቆዩ ቆጣሪዎች ላይ በቀይ የሚለየው የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ ይህ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር በመሆኑ እንደ ሙሉ ቁጥር ከተነበበ ፍጆታውን አሥር እጥፍ ያደርገዋል።

ኃይሉን የሚወስደው የትኛው ዕቃ ነው?

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የዕቃው ጉልበት በኪሎዋት ተወስዶ በሠራበት ሰዓት ይባዛል። 10 ዋት የሆነ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚወስደው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በአንጻሩ 3.5 ኪሎዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በወር ስምንት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 42 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ብቻውን ለዝቅተኛው እርከን ጣሪያ የቀረበ ነው። እንግዳ የበዛበት ወይም በዓል የዋለበት ወር ሂሳቡ ቢንር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ምጣዱ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት ሳይታዩ የሚሠሩ ዕቃዎች ናቸው። የሙቀት መቆጣጠሪያው የተበላሸ ቦይለር ያለማቋረጥ ያሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ከሆነም የጠፋውን ሙቀት ሲተካ ይውላል። የበሩ ጎማ ያረጀ ፍሪጅ አያርፍም። አንድ የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 0.75 ኪሎዋት ገደማ ያለው የውሃ ፓምፕ በሚያፈስ ቧንቧ ምክንያት በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በወር ሲሰላ ከ200 ያልፋል።

ቆጣሪውን በቤት ውስጥ መፈተሽ

በመጀመሪያ በቤቱ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ፣ መብራቶቹንም አጥፍቶ ቆጣሪውን ለጥቂት ደቂቃዎች መመልከት ነው። የቆየው ቆጣሪ ከሆነ ክቡ ዲስክ መቆም፣ ዲጂታል ከሆነ ብልጭ ድርግም የሚለው ትንሽ መብራት ማቆም አለበት። ካላቆመ ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህን ጊዜ ካቆመ፣ ኃይሉ የሚጠፋው ከብሬከሩ ወዲህ፣ በግድግዳ ውስጥ ባለ መስመር ወይም በተረሳ ዕቃ ነው። ብሬከሩ ጠፍቶም መቁጠሩን ከቀጠለ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ የተቀጠለ ሌላ ተጠቃሚ አለ፤ አሊያም ቆጣሪው ራሱ ችግር አለበት።

ቆጣሪው አብዝቶ እንደሚቆጥር ለማወቅ ደግሞ ጉልበቱ የታወቀ አንድ ዕቃ ብቻ ይሰካል። ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚሉ ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ፣ 1000 ዋት የሆነ ዕቃ በየ3.6 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ ሊያሳይ ይገባል። የዕቃው ጉልበት ከመስመሩ ቮልቴጅ ጋር ስለሚዋዥቅ ጥቂት ልዩነት ያለ ነው፤ የጊዜው ክፍተት በግማሽ ካጠረ ግን ለአቤቱታ በቂ ምክንያት ይሆናል።

ከዚህ ያለፈው ሥራ የባለሙያ ነው። የቆጣሪውን ማኅተም መፍታት ለሕይወት አደገኛ ከመሆኑም ሌላ ደንበኛውን በኃይል ስርቆት ሊያስጠይቀው ይችላል።

አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ቤተሰብ

ችግሩ ይበልጥ የሚከብደው በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ በሚጋሩ ተከራዮች ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ቤተሰቦች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን ፍጆታው 200 ይሆናል፤ ለአነስተኛ ተጠቃሚ የታሰበው ቅናሽም ያመልጣቸዋል። ንዑስ ቆጣሪ መግጠም ክፍፍሉን ፍትሐዊ ያደርገዋል እንጂ እርከኑን አይቀንስም፤ ዘላቂው መፍትሔ ለየቤቱ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ነው።

አቤቱታ ሲቀርብ

ለአገልግሎት ሰጪው የሚቀርብ ቅሬታ ክብደት የሚኖረው በማስረጃ ሲደገፍ ነው። የቆጣሪው ቁጥርና ንባብ የሚታይበት ቀን ያለው ፎቶግራፍ፣ ያለፉት ስድስት ወራት ደረሰኞች፣ እንዲሁም ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የተመዘገበ ንባብ በቂ መነሻ ናቸው። ቅድመ ክፍያ የሚጠቀሙም በየጊዜው የገዙትን አሃድና የከፈሉትን ገንዘብ ቢመዘግቡ፣ ዋጋው ጨምሮ ወይም ፍጆታው በርትቶ እንደሆነ ይለያሉ።

በኢትዮጵያ ቅሬታ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢ ማዕከል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ቅሬታው በጽሑፍ እንዲመዘገብና ቁጥር እንዲሰጠው መጠየቅ፣ ጉዳዩ ቢጓተት ለመከታተል ይረዳል።