የዳገቱ ጓዳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የእህቴን ልጅ ነገር ላጫውታችሁ። ቦሌ ተወልዳ ቦሌ ያደገች ልጅ ናት። ስታገባ ባሏ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከጉራራም አልፎ፣ እንጦጦ ወገብ ላይ ቤት ተከራየ። አየሩ ደግ ነው፣ ኪራዩም ቀለል ይላል። ጎጆ ወጡ፤ ተመረቁ፤ ሁሉ ነገር መልካም ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስልኬ ጮኸ።

«አክስቴ፣ እዚህ አገር ሰው ምን ይበላል?»

ወጥታ ዞር ዞር ብላ ያየችው አንዲት ጠባብ ሱቅ ብቻ ነው፤ ሳሙና፣ ሻማ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ብስኩት። ጎመን የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ለጊዜው ከታች ከከተማ እየሸመተች በታክሲ ማመላለስ ጀመረች። ቲማቲሙ በመንገድ ይፈርጣል፣ ወተቱ ይረጋል፤ የታክሲው ሒሳብ ደግሞ ከሸቀጡ ይበልጣል። ባልየው ዝም ይላል። እሷ ታለቅሳለች።

ግቢው ውስጥ አንዲት እማማ አሉ፤ እንጦጦ ተወልደው እንጦጦ ያረጁ። አንድ ቀን ፌስታሎቿን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አይተው ጠሯት። «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። እዚህ አገር ሱቁ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ቀኑ ነው። ዛሬ ምን ቀን ነው? ጾም ነው? ፍስክ ነው? ማን ወረደ? ማን ይወጣል? እሱን ያወቀ እዚህ ዳገት ላይ ከናንተ ቦሌ ይሻላል ኑሮው።»

የእማማን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ ዳገቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እንጦጦ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ብርዱ ጤፍ አያበቅልም። ይህ የገብስ፣ የባቄላ፣ የአተር፣ የድንች አገር ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው፣ ገንፎው ከዚህ አፈር ነው የሚወጣው። በማለዳ ዳገቱን የሚሮጡት አትሌቶቻችን በሶ ሲበጠብጡ ያያችሁ እንደሆነ፣ የቦታውን ምግብ በቦታው መጠጣታቸው ነው።

ግን ደግሞ ይህ ዳገት በአንድ ወቅት የመላው አገር ማጀት ነበር። በፈረንጆቹ 1887 እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያምን ሲያስመርቁ ያበሉት ግብር እስካሁን ይወራል። አምስት ቀን ነው የተበላው። ጄምስ ማካን የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ ለዚያ ግብር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው ገበታ የየአገሩን ጣዕም አንድ ላይ ይዞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እንጦጦ ነው ይላል። አስቡት እስቲ! ያ ሁሉ ቅቤ፣ ያ ሁሉ ማር፣ ያ ሁሉ በርበሬ ከዳገቱ አልበቀለም። ተጭኖ ወጣ። ከየአቅጣጫው፣ በአህያና በበቅሎ፣ በሰው ጀርባ።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታው በሬውን ጨረሰ፤ የሚያርስ ጠፋ፤ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፣ ሰው አይቶ እንዲቆፍር። ያበላ ዳገት ሲራብም አየ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥትም ብርዱንና የውኃውን ችግር ሸሽቶ ወደ ፍል ውኃው ወረደ። ማገዶም አልቆ ስለነበር በኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ገባ። ያ ዛፍ አዲስ አበባን አድኗታል፤ አልክድም። እንጦጦን ግን ወርሷታል። ሣሩ የነበረበት፣ ላሙ የዋለበት ቁልቁለት ዛሬ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ለዳገቱ ሰው የሚበላው ነገር ከራሱ ደጅ መምጣቱ ቀርቶ ከሁለት በኩል ሆነ፤ ከታች ከከተማው፣ ከላይ ደግሞ ከሸንተረሩ ማዶ፣ ከሱሉልታ ወገን።

የእንጦጦን እንጨት ለቃሚ እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ጎንበስ ብለው፣ ሰላሳ ኪሎ የሚያልፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ይዘው ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሲመለሱ ግን የሚያያቸው የለም። እኔ ዓይኔን የጣልኩት እዚያ ላይ ነው። እንጨቱን ሸጠው፣ በዚያችው ገንዘብ ከጉልት ሽንኩርት፣ ምስር፣ ጥቂት በርበሬ ገዝተው፣ ያንኑ ዳገት ወደ ላይ ይወጡታል። ለዳገቱ ሰው ምግብ ማለት ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተሸከሙት።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እማማ መጀመሪያ የወሰዷት ታች ወደ ጉልቷ ነው። ድንቹ በመደብ፣ ጎመኑ በእስር ይሸጣል። «የበረታውን ጎመን አትንኪ፤ ብርድ የመታውን ውሰጂ፤ እሱ ነው የሚጣፍጠው» አሏት። እውነታቸውን ነው። የደጋ ጎመን ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል። በጥቅምት የባቄላውና የአተሩ እሸት ሲደርስ ከነገለባው በመንገድ ዳር ይቸረቸራል፤ ያኔ ሌላ ነገር መግዛት ራሱ ኃጢአት ነው። እሱን በዚሁ ልለፈው፤ እሸትን የበላ ያውቀዋል።

ቅቤ ላይ ግን እንቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የካ ውስጥ ሾላ ገበያ አለ። በደሴ መንገድ ከሸኖ፣ ከሰንዳፋ፣ በለገጣፎና በኮተቤ በኩል የሚገባው ቅቤ ብዙው የሚራገፈው እዚያ ነው። ሸኖ ከአዲስ አበባ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ስሟ ከቅቤ ጋር ተጣብቋል፤ «የሸኖ ለጋ» ሳይል ቅቤ የሚሸጥ ነጋዴ አላውቅም። እማማ ልጅቷን ይዘው ወረዱ። ሦስት ዓይነት ቅቤ ተደርድሯል፤ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል። ልጅቷ ነጩንና የሚያምረውን ለጋ አየች። እማማ ግን በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጥረው እጃቸው ጀርባ ላይ አሹት፤ አሸተቱት፤ ቀመሱት።

«ለምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ለዶሮ ወጥ።»

«እንግዲያው ለጋው ምን ያደርግልሻል? ለጋ ለገንፎና ለራስ ነው። ወጥ በሳል ይወዳል። በሳሉ ግን የከረመ እንጂ የተበላሸ እንዳይሆን፤ ሽታው ይከብዳል እንጂ አይቆመጥጥም።»

ሙዝና የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት ቅቤ ተያዘ የሚል ዜና ደጋግመን ሰምተናል፤ ለዚህ ነው የድሮ ሰው ሳያነጥር የማያምነው። ሲነጠር ሁሉ ይገለጣል። ደህናው ቅቤ ጥሩ መዓዛ ሰጥቶ፣ ትንሽ አንጉላ ከታች ጥሎ፣ ወርቅ መስሎ ይጠልላል። የተደባለቀው ይንጫጫል፣ አረፋው አያልቅም፣ ከሥሩ ድቃቁ ይበዛል። ያን ጊዜ ግን ገንዘቡ ሄዷል። ስለዚህ ዋናው ነገር ደንበኛ መያዝ ነው። አንዲት ሴት ለይቶ፣ ከሷ ብቻ እየገዙ፣ ስሟንና የልጆቿን ስም ማወቅ። ያኔ «ዛሬ ያመጣሁት ላንቺ አይሆንም፤ ማክሰኞ ነይ» ትላለች። ይህችን ቃል ለመስማት ነው እንግዲህ የተለፋው።

ልጅቷ ደንበኛዋን ያገኘችው ግን ሾላ አይደለም። ከሸንተረሩ ማዶ አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በእግራቸው ይመጣሉ፤ አህያ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። በወይራ በታጠነ ቅል እርጎ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ በጨርቅ የታሰረ አይብ። ልጅቷ «አዴ» ትላቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን እርጎውን ስትቀምስ የወይራው ጭስ አፏ ውስጥ ቀረ፤ «ተቃጥሎብዎት ነው?» አለቻቸው። አዴ ሳቁ፤ እማማም ሳቁ። ቅሉ ካልታጠነ እርጎው ቶሎ ይበላሻል፤ ጭሱ ነው ዕድሜ የሚሰጠው።

ቀስ በቀስ የአዴ ቀን መቁጠሪያ የልጅቷ ቀን መቁጠሪያ ሆነ። ሰው ይጾማል፤ ላም ግን አትጾምም። ረቡዕና ዓርብ ወተት ገዢ የለውም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሁዳዴ 55 ቀን ሲጀመር፣ የከተማው ሰው ወተቱን ይተዋል፤ ላሚቱ ግን ጠዋትና ማታ ትታለባለች። አዴ ምን ያደርጋሉ? ያረጉታል፤ ይንጡታል፤ ቅቤውን ያወጣሉ፤ አሬራውን አሙቀው አይብ ያደርጉታል። አይብ አይቆይም፤ ቅቤ ይቆያል። ጾሙ ሲጋመስ ቅቤ እቤታቸው ይጠራቀማል፤ ገዢ ግን የለም። ፋሲካ አሥር ቀን ሲቀረው ሁሉም ሰው ባንድ ላይ ብድግ ይላል፤ ዋጋውም አብሮ ብድግ። ልጅቷ ይህን ካወቀች ወዲህ በጾሙ አጋማሽ ትገዛለች። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ እርድ ጨምራ ታነጥራለች፤ ጠርሙስ ሞልታ ታስቀምጣለች። አዴም በማይሸጥበት ወቅት ገንዘብ ያገኛሉ። ከሁሉ ያማረው ቅቤ ግን ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚመጣው ነው፤ ቢጫነቱ ራሱ ይናገራል። የሁዳዴው ቅቤ ዋጋው እንጂ ቀለሙ አይደንቅም፤ በጋው ሣሩን አድርቆታልና።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ አትቆጡኝ። ከነዚህ እናቶች ጋር የሚከራከር ሰው ሳይ ያመኛል። ካፌ ገብቶ ለአንድ ማኪያቶ የተጠየቀውን ያለ ቃል ይከፍላል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ዳገቱ ላይ መዝናኛውና ካፌው በዝቷል፤ መልካም ነው፤ ልጆቻችን አየር ያገኛሉ። ግን ያው ሰው ሲመለስ መኪናውን አቁሞ፣ ሰዓታት በእግሯ የተጓዘችውን እናት «ቀንሺ» ይላታል። ምርቃት ጠይቁ፤ «መርቂልኝ» ማለት ባህላችን ነው፤ እሷም ደስ ብሏት እፍኝ ትጨምራለች። ዋጋዋን ግን አትቁረጡባት። አንዳንድ ቀን «ቦታችሁ አይደለም» ተብለው ከተቀመጡበት ይነሳሉ፤ እርጎው በቅሉ እንዳለ ይመለሳል። የእሁድ ገበያ በየክፍለ ከተማው መዘርጋቱን እወደዋለሁ፤ ሽንኩርትና ድንች በደህና ዋጋ ለብዙ ቤት ደርሷል። አንድ ጥግ ደግሞ ለነዚህ ለእግረኞቹ፣ ሦስት ኪሎ ቅቤና አንድ ቅል እርጎ ብቻ ላላቸው ቢከለል እንዴት ባማረ! ጅምላ ነጋዴ ባይሆኑም እውነተኛው የደጋ ምግብ በእጃቸው ነው ያለው።

ልጅቷ እንጦጦ ከገባች አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው። ወልዳለች፤ የአራስ ገንፎዋን ከአዴ ገብስ ነው የበላችው፤ አዴ ራሳቸው አስፈጭተው አምጥተውላት። የቦሌ ዘመዶቿ «ቅቤ ላኪልን» እያሉ ይደውሉላታል። ለአዴ በስልክ ታዛለች፤ ሒሳቡን በቴሌብር ትልካለች፤ የአዴ ልጅ ተቀብሎ ይነግራቸዋል።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አዴ ደወሉላት። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለሰርጉ ጤፍ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ዘንድ ጤፍ አይበቅልም።

«መርካቶ እህል በረንዳ የምታውቂው ደህና ሰው አለ?» አሏት።

«አለኝ አዴ። ነጭ ይሁንልዎት ወይስ ሰርገኛ?»

«ሰርገኛ ይሁን። ግን አስፈጭተሽ እንዳትልኪልኝ። በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ለቅሜ ነው የማስፈጨው።»