የኤልቤ ወንዝና ሁለቱ ከተሞች

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ ታሪክ እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ ጓደኞቻችን የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ መረጡ። እኛ የመረጥነው የውኃንና የዓይነ ምድርን ታሪክ ነው። በበዓል ቀን ስለዚህ ነገር መናገር ነውር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገር ግን ነቢዩ ሙሴ እንኳ ሕዝቡ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ፣ መሬቱን ቈፍሮ፣ ከዚያም እንዲከድነው በዘዳግም መጽሐፍ ሲያዝዝ አላፈረም።

ነገሩ የሆነው በጀርመን አገር፣ በሐምቡርግ ከተማ፣ በ1892 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሐምቡርግ በኤልቤ ወንዝ ዳር የተሠራች ታላቅ የንግድ ወደብ ናት። ከእርስዋ ቀጥሎ በዚያው ወንዝ ዳር አልቶና የምትባል ሌላ ከተማ ነበረች። ዛሬ አልቶና የሐምቡርግ አንድ ክፍል ሆናለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ሐምቡርግ በራስዋ ሹማምንት ስትተዳደር፣ አልቶና የፕሩስያ መንግሥት ግዛት ነበረች። ሁለቱ ከተሞች ከመነካካታቸው የተነሣ በአንዳንድ ቦታ ወሰናቸው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የመንገዱ አንዱ ወገን ሐምቡርግ፣ ሌላው ወገን አልቶና። ሰዎቹ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ አንድ አየር ይተነፍሳሉ።

የሚለያዩት በውኃ ነበር። ሐምቡርግ ውኃዋን የምትቀዳው ከከተማው በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ሲሆን፣ በገንዳ ጥቂት አቆይታ ሳታጣራው በቧንቧ ታከፋፍል ነበር። ይህን የቧንቧ ሥራ ከ1842ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ያቀደው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ሊንድሊ ነው፤ በዘመኑም ሌሎች ከተሞችን የሚያስቀና ሥራ ነበር። ነገር ግን ኤልቤ የባሕር ሙላት ወደ ላይ የሚገፋው ወንዝ ነው። ስለዚህ ከከተማው ወደ ወንዙ የተጣለው እድፍ በሙላቱ ጊዜ ተመልሶ እስከ መቅጃው ድረስ ይወጣ ነበር። በቧንቧዎቹ ውስጥ ትላትልና ቀንድ አውጣ፣ ዓሣም ሳይቀር ይገኝ ስለ ነበረ፣ በ1880ዎቹ አንድ የተፈጥሮ ሊቅ በሐምቡርግ ቧንቧ ውስጥ ስለሚኖሩት እንስሳት ብቻ አንድ ጽሑፍ እስከ ማውጣት ደርሶአል። ከተማይቱ ማጣሪያ መሥራት እንደሚገባት ለብዙ ዓመት ተከራከረች፤ ገንዘቡ ግን በዛባት።

አልቶና ደግሞ ውኃዋን የምትቀዳው ከሁለቱም ከተሞች በታች ነበር። ይህም ማለት ሐምቡርግ የጣለችውን፣ ራስዋም የጣለችውን ሁሉ ተሸክሞ የሚወርደውን ውኃ ነው። በእኛ አገር ሰው አስተያየት ከሁለቱ የትኛው ውኃ ይሻላል ቢባል፣ ያለ ጥርጥር የላይኛው ይባላል። ነገር ግን አልቶና ከ1859 ዓ.ም. ጀምራ ይህን እድፋም ውኃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ አድርጋ ታሳልፈው ነበር።

በ1892 ዓ.ም. በኦገስት ወር ኮሌራ ገባ። ያን ጊዜ ከሩስያ ተነሥተው ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ ብዙ ድኾች በወደቡ ሰፍረው መርከብ ይጠብቁ ነበር፤ በሩስያም በሽታው ነበረ። የሐምቡርግ ሹማምንት መርከቦች እንዳይከለከሉና ንግዱ እንዳይበላሽ ፈርተው ነገሩን ለመግለጥ ዘገዩ። በኋላ ከበርሊን ዶክተር ሮበርት ኮኽ ተላከ። ይህ ሰው በ1884 ዓ.ም. በህንድ አገር በካልካታ የኮሌራን ተሐዋሲ ለብቻው ለይቶ ያወጣ ሐኪም ነው። በሐምቡርግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከ140,000 በላይ ነዋሪ በነበራት በአልቶና የሞቱት ግን ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሽታውን ያመጡት ከሐምቡርግ ነበር።

ኮኽን እጅግ ያስደነቀው የወሰኑ ነገር ነው። በአንዱ መንገድ ላይ የሐምቡርጉ ወገን ሲታመም የአልቶናው ወገን ጤና ሆኖ ይቀር ነበር። እንዲያውም በሐምቡርግ መሬት ላይ የተሠሩ አንዳንድ የመኖሪያ ቤቶች በአጋጣሚ ውኃቸውን የሚያገኙት ከአልቶና ቧንቧ ነበርና፣ ዙሪያቸው ሁሉ ሲታመም ኮሌራ ወደ እነርሱ አልገባም። እንዲህ ያለውን ፈተና ማንም ሊቅ አስቦ ሊያዘጋጀው አይችልም፤ ቢችልም አይገባውም።

ኮሌራ በውኃ እንደሚመጣ ቀድሞ የተናገረ አልነበረም ማለታችን አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1854 ዓ.ም. በለንደን በብሮድ ስትሪት ያለው የውኃ ጕድጓድ የብዙ ሰው ሞት ምክንያት መሆኑን አሳይቶ የመሳቢያውን እጀታ አስነቅሎአል። የእርሱ ታሪክ በብዙ መጽሐፍ ስለሚገኝ አንመልሰውም። እኛን ይበልጥ የሚያስደስተን የዚያው ሰፈር ቄስ የሄንሪ ኋይትሄድ ነገር ነው። ኋይትሄድ የዶክተሩን አሳብ አላመነም ነበርና፣ ሐሰት መሆኑን ለማሳየት ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ምእመናኑን ይጠይቅ ጀመር። በመጨረሻ ያገኘው ግን የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት እድፍ ከጕድጓዱ አንድ ሜትር እንኳ ወደማይርቅ የቆሻሻ ጕድጓድ መጣሉን ነው። የቆሻሻው ጕድጓድ ግንብ ፈራርሶ ነበር። ቄሱ ሊያፈርሰው የተነሣውን አሳብ ራሱ አጸናው፤ ይህንም ሳያፍር ተናገረ።

ወደ አልቶና እንመለስ። በ1893 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በብርቱ ክረምት፣ ኮሌራ በአልቶናም ጥቂት ሰዎችን ያዘ። ኮኽ ቢመረምር፣ ከማጣሪያዎቹ አንዱ በሚጠረግበት ጊዜ አሸዋው በበረዶ ተይዞ ሥራውን እንደ ተወ አገኘ። አሸዋው ያው አሸዋ ነው፤ ታዲያ ምን ጐደለው? ውኃ በአሸዋ ላይ ቀናት ሲቈይ በላዩ ቀጭን አተላ ይጋገራል፤ ይህም አተላ ሕይወት ያለው ነው። በውስጡ አልጌዎች፣ ባክቴሪያዎችና ባክቴሪያን የሚበሉ ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት ይኖራሉ። ከሰው ሆድ የወጣው ተሐዋሲ ወደዚህ ሲደርስ ሞቃት ቤቱን ያጣ እንግዳ ነው፤ ወይ ይጣበቃል፣ ወይ ይራባል፣ ወይ ይበላል። ስለዚህ ማጣሪያው ወንፊት ብቻ አይደለም። እኛ ቆሻሻ ብለን የምንጠርገው ያ አተላ የአልቶናን ሕዝብ ጠብቆአል። ኮኽም ከዚያ በኋላ ተጣርቶ በሚወጣው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ የባክቴሪያው ቍጥር ከ100 እንዳይበልጥ አሳሰበ።

የሙኒኩ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ግን ተሐዋሲው በአፈር ውስጥ ካልበሰለ ብቻውን አይጎዳም ይል ነበር። አሳቡን ለማስረዳት በ73 ዓመቱ፣ በኦክቶበር 7 ቀን 1892 ዓ.ም. የኮሌራ ተሐዋስያን የሞሉበትን ፈሳሽ ጠጣ። ጥቂት ቀን ሆዱን አመመው እንጂ አልሞተም። ይህ ሰው ሙኒክን በእድፍ መውረጃ ቦይና በመልካም ውኃ ያጸዳ ነውና ልንስቅበት አይገባንም። ቢሆንም አንድ ሰው ጠጥቶ መዳኑ ለ8,000ዎቹ መልስ አይሆንም።

የኮሌራን ተሐዋሲ በብዙ ውኃ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ችግር ነው። ቴዎዶር ኤሸሪኽ በ1885 ዓ.ም. ከሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ ያገኘው፣ ዛሬ በስሙ ኤሸሪኪያ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በእያንዳንዱ ሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ዓይነቱም በብዛት ጉዳት የለውም። ፍራንትስ ሻርዲንገር በዚያው በ1892 ዓ.ም. ይህን ባክቴሪያ እንደ ምስክር እንጠቀምበት አለ፤ እርሱ በውኃው ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር ገብቶአል ማለት ነው። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ይላል። ምስክሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። በሐዋይ ደሴቶች የመረመሩ ሊቃውንት በሞቃት አገር እርጥብ አፈር ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ራሱን ችሎ እንደሚኖርና እንደሚባዛ አግኝተዋል። ሞቃት ቈላ ላለው ለእንደ እኛ ያለ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐምቡርግ በታመመችበት ዘመን አገራችን ክፉ ቀን በሚባለው ራብ ተይዛ ነበር። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሰውም ተርቦ ሳለ ኮሌራ ተጨመረበት። የሐምቡርግ ሙታን ተቈጥረዋል፤ የእኛዎቹ መዝገብ የላቸውም። ይህም ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም፤ በ2022 ዓ.ም. በባሌ በኩል የታየው ኮሌራ ወደ ብዙ ክፍል ተዛምቶ ነበር።

ባለፈው ክረምት ከእኛ አንዳንዶቻችን ለዕረፍት ወደ አንድ ጓደኛችን መንደር ሄድን። ምንጩ ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ ከበላዩ ያለው ቍጥቋጦም ሰው ለምን እንደሚሄድበት መናገር አያስፈልግም። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በዚያ አልፎ ወደ ምንጩ ይገባል። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ብንነግራቸው፣ «ልጆቼ፣ አያቶቻችን ይህን ውኃ ጠጥተው ነው የሸበቱት» አሉን። «ያልሸበቱትስ፣ አባቴ?» ልንላቸው አሰብንና አክብረናቸው ዝም አልን። በማግሥቱ ዶማና አካፋ ይዘን ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ስንቈፍር መጡና በከዘራቸው ተደግፈው ብዙ ጊዜ አዩን። በኋላም «ጠቦአል፤ የሐምሌን ጎርፍ አይችለውም» አሉን። አስፍተን ቈፈርነው።