ስምና ሰዓት የተጠባበቁበት ቤት

ይህ የሆነው ቀበና ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ነው። ቤተሰቡ ፋሲካን ሰላሌ፣ አያት ዘንድ ሊያሳልፍ ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ተነሣ። አባት እንደ ልማዳቸው ጋዙን አዩ፣ መስኮቶቹን ዘጉ፣ ማቀዝቀዣውን ባዶ አድርገው ከፍተው ተዉት፤ በመጨረሻም ቆጣሪው ጋ ሄደው መብራቱን ከዋናው አጠፉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳይቃጠል ነው። የተመለሱት በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ማታ። መብራቱ ተመለሰ፤ የራውተሩ መብራቶችም ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ። ኢንተርኔት ግን የለም።

"የለም" ስላችሁ በጥንቃቄ ስሙኝ። የትንሹ ልጅ ቴሌግራም ይሠራል! የሰነበተው መልእክት ሁሉ ተግተልትሎ ገባለት። እናት የባንኩን መተግበሪያ ቢከፍቱ እምቢ አለ። ዩቲዩብ እምቢ አለ። አባት ማታ ማታ ዜና የሚያነቡበት ገጽም እምቢ አለ። "መስመሩ ነው፤ ነገ ደውለን እንናገራለን" አሉ አባት። ትንሹ ልጅ ራውተሩን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ያው ነው።

ታላቋ ልጅ ግን ቴሌግራም መሥራቱን ስትሰማ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ አለች። ሥራዋ ኔትወርክ ነው። ቴሌቪዥኑ ሥር ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር አስቀምጣ የቤቱን ዲኤንኤስ ሰርቨር የሠራችው እሷ ናት። ትንሹ ልጅ ሲያጠና ማስታወቂያ እንዳያባክነው፣ ጥቅሉም በከንቱ እንዳያልቅ ብላ ነው። ፊት ለፊት ፓይሆል የማስታወቂያ ስሞችን ይከለክላል፤ ከኋላው ዩንባውንድ የቀሩትን ስሞች እየጠየቀ መልስ ያመጣል። ራውተሩም የቤቱን ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ "ስም ስትፈልጉ እሷን ጠይቁ" ይላቸዋል።

ዲኤንኤስ ምን እንደሚሠራ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ታሪኩ አይገባችሁም። ኮምፒውተር የሚሄደው በቁጥር ነው፤ እኛ የምንይዘው ስም ነው። ስሙን ይዞ ቁጥሩን የሚያመጣ አንድ ጠያቂ በመካከል ያስፈልጋል። ይህ ጠያቂ አዲስ አበባ ውስጥ የማታውቁትን ቤት ስትፈልጉ የምታደርጉትን ያደርጋል፦ ታክሲ ተራው ያለው ሰው ሰፈሩን ያሳያችኋል፣ የሰፈሩ ባለሱቅ መንደሩን፣ የመንደሩ ልጅ በሩን። ዩንባውንድም እንዲሁ ከላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ከኤ እስከ ኤም ባሉ 13 ፊደላት ከተሰየሙት የሥር ሰርቨሮች አንዱን ይጠይቃል፤ ያ ወደ "ዶት ኮም" ይመራዋል፤ "ዶት ኮም" ደግሞ ወደ ባለቤቱ። መልሱን ካገኘ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይዞት ስለሚቆይ ሁለተኛው ጠያቂ አይጉላላም።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የኢንተርኔት አያት በሆነው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮቹ ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ላይ ይጻፍ ነበር። መዝገቡ የሚቀመጠው ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ባለ አንድ ማዕከል ነበር፤ ማዕከሉን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1989 የመሩት ኤልሳቤጥ ፋይንለር የተባሉ ሴት ናቸው። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሁሉ ለማዕከሉ ሰዎች ያስታውቃል፣ እነሱ ይመዘግባሉ፣ የቀረው ፋይሉን ይገለብጣል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ አንድ ቢሮ ይህን መሸከም አቃተው። በ1983 ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፖል ሞካፔትሪስ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ስም ራሱ የሚመልስበትን ሥርዓት ነደፉ። በ1987 የወጡት 1034 እና 1035 ቁጥር ሰነዶች እስከ ዛሬ የዚህ ሥራ መሠረት ናቸው። እኔ እነዚህን ሰዎች ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ስም በተጻፈ ቁጥር እየሠራ ያለው የእነሱ ድካም ነው።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ልጅቷ ላፕቶፑን ከፈተች። መጀመሪያ ስም የሌለበት ነገር ሞከረች፦ ውጭ ወዳለ አንድ የዲኤንኤስ ሰርቨር፣ ወደ 8.8.8.8፣ ፒንግ የሚባለውን "አለህ ወይ?" የሚል ምልክት ላከች። ቁጥር ነው፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። መልሱ ወዲያው መጣ።

"አባዬ፣ መስመሩ ደህና ነው። ማንም ጋ አትደውል።"

"ታዲያ የእኔ ገጽ ለምን አይከፈትም?"

"ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይርልህ ስለታመመ።"

የቴሌግራምም ነገር በዚህ ተፈታ። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር ከመተግበሪያው ጋር ይዞ ስለሚመጣ፣ ስም የሚጠይቅበት በር ቢዘጋም መንገዱን ያገኛል። በአንድ ቤት አንዱ መተግበሪያ ሠርቶ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ዲኤንኤስን ጠርጥሩ።

ቀጥላ "ዲግ" በሚባለው መጠየቂያ የራሷን ሰርቨር አንድ ስም ጠየቀችው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈውን እሷ አላለፈችም፤ እኔም አላልፈውም። የዲኤንኤስ እምቢታ አንድ ዓይነት አይደለም። ዝምታ አለ፤ ጠይቀህ ጠይቀህ ጊዜው ያልፋል። ያኔ ሰርቨሩ ሞቷል፣ ወይም 53 ቁጥር በሩ ተዘግቷል፣ ወይም ገመዱ ተነቅሏል ማለት ነው። "እንዲህ የሚባል ስም የለም" የሚልም አለ። ይህ መልስ ነው፤ ስሙን አሳስተሃል፣ አለዚያም አንድ ሰው ሆን ብሎ ከልክሎታል። ሦስተኛው "ሰርቭፌይል" ይባላል፦ "ሰምቼሃለሁ፣ ሄጄም ጠይቄልሃለሁ፤ የምሰጥህ መልስ ግን የለኝም" ማለት ነው። የእሷ ሰርቨር የሰጣት ይህንን ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ሕያው ነው። ገመድ መንቀልና መሰካት ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ ያለው ሰርቨሩ መልስ ፈልጎ ወጥቶ እስኪመለስ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ያንኑ ስም ከላፕቶፑ በቀጥታ 8.8.8.8ን ጠየቀችው። መልስ መጣ። ስለዚህ ስሙ አለ፣ ውጭም ሰላም ነው። ፓይሆልን ዘልላ ከኋላ በ5335 በር የተቀመጠውን ዩንባውንድን ብቻውን ጠየቀችው። ሰርቭፌይል። ጥፋቱ ከፓይሆል ላይ ወረደ ማለት ነው። ቀጥሎ ያደረገችው ግን የምሽቱ ትልቁ ሥራ ነው። ያንኑ ጥያቄ "ፊርማውን ሳታረጋግጥ አምጣልኝ" የሚል ምልክት ጨምራ ላከችው። መልሱ ያለምንም ችግር መጣ።

ዩንባውንድ መልሱን ያገኛል፤ ግን አያምነውም!

ለምን እንደማያምን ለማወቅ ወደ 2008 እ.ኤ.አ. መሄድ አለብን። በዚያ ዓመት ዳን ካሚንስኪ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ፣ በዲኤንኤስ ውስጥ ለጠያቂው የሐሰት መልስ አቀብሎ ማስያዝ እንዴት ቀላል እንደሆነ አሳየ። የባንክህን ስም ትጠይቃለህ፣ የሌባ ቁጥር ይሰጥሃል። ነገሩን ከማውጣቱ በፊት ዋና ዋናዎቹ ሶፍትዌር ሠሪዎች በምስጢር ተሰብስበው ማስተካከያውን በአንድ ጊዜ አወጡ። ያ ግን ማስታገሻ ነበር። ዋናው መድኃኒት መልሱ ሁሉ በዲጂታል ፊርማ እንዲታሸግ ማድረግ ነው። ይህም ዲኤንኤስሴክ ይባላል፤ የሥሩ ዞን፣ ማለትም የሥር ሰርቨሮቹ የሚይዙት መዝገብ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። ፊርማው ታዲያ ዕድሜ አለው፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከዚህ ቀን ይጸናል ይላል። ይህንን የሚፈትሽ ማሽን ዛሬ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ልጅቷ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ገብታ "ቀኑ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች።

ጸሎተ ሐሙስ ነው አላት።

ቤቱ ፈስኮ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አልፎ፣ ይህች ማሽን ገና ጾም ላይ ናት። መዝገቧን ስታገላብጥም ዩንባውንድ ምክንያቱን በግልጽ ጽፎት አገኘችው፦ ፊርማው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ነው ይላል። የሥሩ ዞን ፊርማዎች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ አሁን የሚመጡት ከጸሎተ ሐሙስ በኋላ የተፈረሙ ናቸው። ለማሽኗ ሁሉም ከነገ የመጡ፣ ሊታመኑ የማይገባቸው ናቸው። በሥሩ ካላመነች ደግሞ ከሥሩ በታች ያለውን ስም ሁሉ አታምንም።

ላፕቶፕና ስልክ ጠፍተውም ሰዓት የሚቆጥር ክፍል ከነባትሪው በሆዳቸው አለ። ራስፕቤሪ ፓይ በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ ስትቀርብ ርካሽ እንድትሆን ይህ ተትቶባታል፤ የሰዓት ክፍል በራሷ ላይ የመጣላት በ2023 በወጣው በአምስተኛው ትውልድ ነው፤ ያም ቢሆን ባትሪው ለብቻ ይገዛል። የቤቱ ማሽን አራተኛው ትውልድ ነው። የእሷ ዘዴ በየሰዓቱ ጊዜውን ፋይል ላይ ጽፋ፣ ስትነሣ ከዚያው መቀጠል ነው። አባት ቆጣሪውን ያጠፉት ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ስትነሣም ያው ቀን ነው።

ትንሹ ልጅ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። "በየጊዜው መብራት ይሄድብን የለ እንዴ? እስከ ዛሬ ለምን እንዲህ ሆኖ አያውቅም?" መብራት ሄዶ በማግሥቱ ሲመጣ ማሽኗ ወደ ኋላ የምትቀረው በሰዓታት ነው። ዩንባውንድ የሰዓት መዛባትን በመጠኑ ይታገሳል፤ እንደ ፊርማው ዕድሜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ቀን። የሥሩ ፊርማዎች ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ ሙሉውን አንድ ቀን ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ግን ምሕረት የለም። ጉድለቱ ማሽኗ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ የወጣው ቤቱ ለብዙ ቀን ሲዘጋ ነው።

ግን ማሽኗ ሰዓቷን ከኢንተርኔት ታስተካክል የለ? ታስተካክላለች። ይህንን ያስገኙልን ዴቪድ ሚልስ ናቸው፤ ኤንቲፒ የተባለውን የሰዓት ማስተካከያ ሥርዓት በ1985 በሰነድ አወጡ፤ በጥር 2024 እስኪያርፉ ድረስም ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሰጡ። ስልካችሁና የባንካችሁ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት የሚሄዱት በእሳቸውና በተከታዮቻቸው ሥራ ነው። ማሽኗ ስትነሣ ወደ አንዱ የሰዓት ሰርቨር መሄድ አለባት፤ አድራሻው የተሰጣት ግን በስም ነው። ስሙን ማንን ትጠይቅ? ራሷን፤ የቤቱ ዲኤንኤስ እሷ ናትና። ዩንባውንድ ደግሞ ሰዓቱ ካልተስተካከለ ስም አያምንም። ሰዓቱ ስሙን ይጠብቃል፣ ስሙ ሰዓቱን ይጠብቃል። እንዲያ ሆነው ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጡ ማናቸውም ቀድመው አይንቀሳቀሱም።

"ማረጋገጫውን አጥፊዋ፣ ይገላግለናል" አለ ትንሹ ልጅ።

"እማዬ ገንዘቧን የምትልከው በዚህ መስመር ነው" አለችው። በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። በርካታ ሰዎች እዚህ ደርሰው ማረጋገጫውን ያጠፉና "ተስተካከለ" ይላሉ። የተበላሸው ሰዓቱ ሆኖ ሳለ፣ ሥራውን በትክክል የሠራውን ጠባቂ ማባረር ነው። ሌላም አጭር መንገድ አለ፦ ራውተሩ ላይ 8.8.8.8ን ሁለተኛ ዲኤንኤስ አድርጎ መጨመር። ሰዎች ሁለተኛው የሚጠየቀው የመጀመሪያው ሲወድቅ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ስልኮችና ላፕቶፖች ግን እንዳሻቸው ከሁለቱም ይጠይቃሉ። የከለከለችው ማስታወቂያ በዚያ በኩል ተመልሶ ይገባል፤ ሰርቨሯ ስትታመምም ማንም ሳያውቅ ይሰነብታል።

ለዚያ ምሽት መፍትሔው ቀላል ነበር። ከስልኳ እያየች ቀኑንና ሰዓቱን በእጇ ጻፈችላት። እናት መተግበሪያውን ወዲያው ቢሞክሩ አሁንም እምቢ አለ። "ትንሽ ታገሺኝ እማዬ" አለች፤ ዩንባውንድ ያላመነውን መልስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዞ ስለሚቆይ ነው። ደቂቃዋ አለፈች፤ ባንኩ ተከፈተ፣ የአባትም ዜና መጣ።

ዘላቂውን ሥራ ለቅዳሜ አቆየችው። ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ያላት የሰዓት ቺፕ ገዝታ ራስፕቤሪዋ ላይ ሰካች፤ ስትነሣም ሰዓቱን ከቺፑ እንድታነብ አዘዘቻት። ባትሪዋ አንድ ቀን ማለቋ ስለማይቀር በዚህ ብቻ አልተኛችም። በሰዓት ሰርቨሮቹ ዝርዝር ላይ ከስሞቹ አጠገብ አንድ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ጨመረች፤ ቁጥር ማንንም መጠየቅ ስለማያሻው ያ ቋጠሮ ደግሞ ሊቋጠር አይችልም። ቁጥር ግን ባለቤቱ ሊለውጠው ይችላል፤ ለዚህ ነው ስሞቹን ሳታጠፋ የተወቻቸው።

ከዚያ ሆን ብላ አበላሸችው። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ወደ አምናው መለሰች፣ የኔትወርክ ገመዱን ነቀለች፣ መብራቱን አጥፍታ አበራች። ሰዓቱ ከቺፑ ትክክል ሆኖ ተነሣ። ቀጥላ ቺፑን አውጥታ፣ ገመዱን ሰክታ፣ ያንኑ ደገመች። ማሽኗ አምና ላይ ሆና ተነሣች፤ በቁጥር የተጻፈውን የሰዓት ሰርቨር አግኝታ ሰዓቷን አቀናች። ልጅቷ ያን ጊዜ የሰኞ ማታውን ስም እንደገና በዲግ ጠየቀች። መልሱ መጣ፤ በራስጌውም ላይ "ፊርማው ተረጋግጧል" የምትለዋ ምልክት ነበረችበት።