«አብነት» እና «መለጠፊያ»፦ የአንድ ፅንሰ ሐሳብ ስያሜ ታሪክ

የድረ ገጽ ንድፍን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በብዙ ገጾች ላይ የማዋል ስልት በኤች ቲ ኤም ኤል ማዘጋጃዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 በቬርሚር ቴክኖሎጂስ የወጣውና በ1996 ወደ ማይክሮሶፍት የተዛወረው ፍሮንትፔጅ የገጹን ቀለም፣ ፊደልና ጌጥ በአንድነት የሚለውጡ ዝግጁ ንድፎችን ያቀርብ ነበር። ማክሮሚዲያ በ1997 ያወጣው ድሪምዊቨር ግን በ1998 በሁለተኛው እትሙ ሌላ ስልት አመጣ፦ የተቆለፉና ለአርትዖት ክፍት የሆኑ ክፍሎች ያሉት ዋና ሰነድ። ዋናው ሲታረም ከእርሱ የተገኙት ገጾች አብረው ይታረማሉ።

ፍሮንትፔጅ 2003 ይህንኑ ስልት ሲይዝ የፋይሉን ቅጥያም እንደ ድሪምዊቨር «ዲ ደብልዩ ቲ» አደረገው፤ ክፍት ክፍሎችን የሚከልሉባቸው ምልክቶች ግን ይለያያሉ። ስለሆነም ቅጥያውን ብቻ አይቶ ንድፍ መምረጥ እንደማይበቃ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ አይቶ መተርጎምም አይበቃም።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ «መለጠፊያ» ይላል። ቃሉ በገጽ ውስጥ ለሚገባ ቁራጭ ይስማማል፤ ገጹን በሙሉ ለሚያስገኝ ሰነድ ግን ይጠብበታል። «አብነት» በአብነት ትምህርት ቤት እንደምናውቀው፣ ተከታዩ የሚመራበትን አርአያ ያመለክታል። ስለዚህ ጌጡን ብቻ ለሚለውጠው «ገጽታ»፣ ከገጾቹ ጋር ተሳስሮ ለሚኖረው ሰነድ «አብነት» ቢባል እንመርጣለን። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ፣ መመሪያውን በአማርኛ የሚያነብ ሰው አንዱን ሽቶ ሌላውን ይጭናል፤ ጥፋቱም የተርጓሚው ይሆናል።